ጂምፕን ለሊኑክስ ማዘጋጀት፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው ቤት?

ይህ መመሪያ ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም፣ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባለው መሐል ከተማ የሠርግ ካርድ፣ ባነር፣ ስቲከርና ጉርድ ፎቶ ለሚሠሩ ቤቶች ኮምፒውተር የሚያዘጋጁ ሰዎችን ታሳቢ ያደረገ ነው። ቤቱ ሦስት ኮምፒውተር ይኑረው አሥር፣ ሊኑክስ ከተጫነ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ነፃው የፎቶና የሥዕል ማስተካከያ ፕሮግራም ጂምፕ ከየት ይምጣ? የዲስትሮው፣ ማለትም የተጫነው የሊኑክስ ዓይነት (ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ሚንት)፣ የራሱ ፓኬጅ የሆነው ዴብ አለ። ከዲስትሮው ውጭ የሚመጡት ፍላትፓክ፣ ስናፕና አፕኢሜጅ አሉ። ምንጭ ኮዱን አውርዶ ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ፕሮግራሙን ራስ መገንባትም አለ። አምስቱም መጨረሻ ላይ የሚከፍቱት ያንኑ ፕሮግራም ነው። የሚለያዩት ጂምፕ የሚደገፍባቸውን ላይብረሪዎች (ረዳት የኮድ ስብስቦች) ማን ይሸከማል፣ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ማን ይደፍናል፣ ስንት ጊዜስ ይወርዳል በሚሉት ላይ ነው። ኢንተርኔት በዳታ ጥቅል ለሚገዛ ቤት ሦስተኛው ጥያቄ ከሁለቱ ይከብዳል።

የምመክረውን ከወዲሁ ልናገርና ምክንያቱን ቀስ ብዬ ላምጣ። ቀን ከሌት ሥራ የሚሠራባቸው ማሽኖች ላይ የዲስትሮውን ዴብ ጫኑ። አዲሱ ጂምፕ 3.0 የግድ ካስፈለገና ዲስትሮው ከሌለው፣ ለሚያስፈልገው አንድ ወይም ሁለት ማሽን ብቻ ፍላትፓክ። አፕኢሜጅ ፍላሽ ላይ ለመጠባበቂያ ይቀመጥ። ኮምፓይል ማድረግን ለመማር ካልሆነ ለማተሚያ ቤት አታስቡት።

ቨርዥኑ አስቀድሞ ይወሰን

ጂምፕን በ1995 የጀመሩት ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ የተባሉ የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። እዚህ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መስኮትና በተን የሚስለውን ጂቲኬ የተባለውን ላይብረሪ የሠሩትም ለጂምፕ ብለው ነበር፤ ጂቲኬ ራሱን ችሎ ወጥቶ የብዙ ሊኑክስ ዴስክቶፖች መሠረት ሆነ። ጂምፕ ራሱ ግን ከልጁ ኋላ ቀረ። በኤፕሪል 2018 የወጣው 2.10 እስከ መጨረሻው በአሮጌው ጂቲኬ 2 ላይ ነው የኖረው። ወደ ጂቲኬ 3 የተሻገረው ማርች 2025 ላይ 3.0 ሲወጣ ነው፤ ወደ ሰባት ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ይህ መዘግየት ዛሬም ኮምፒውተር ስናዘጋጅ ያገኘናል፤ የምርጫው ግማሹ «2.10 ወይስ 3.0» የሚል ሆኗልና።

ዴቢያን 12 የያዘው 2.10.34ን ነው። ኡቡንቱ 24.04 ደግሞ 2.10.36ን፤ በእሱ ላይ የተሠራው ሊኑክስ ሚንት 22ም እንዲሁ። ኦገስት 2025 ላይ የወጣው ዴቢያን 13 ግን 3.0.4ን ይዞ መጥቷል። ስለዚህ ዲስትሮ ስትመርጡ ጂምፕንም አብራችሁ እየመረጣችሁ ነው። ገና ሊኑክስ ያልጫነ ቤት ከሆነና ማሽኖቹ ከቻሉ፣ ዴቢያን 13ን መጫን የዚህን መመሪያ ግማሽ ያስቀራል።

አንዲት የካርድ ቤት ባለቤት ጋር እንዲህ ተባብለን ነበር።

«የኔ ልጅ፣ እኔ አዲሱ የተባለውን ነው የምፈልገው።»

«እትዬ፣ አዲሱን ምን ሊሠሩበት አስበው ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ልጆቹ ናቸው አዲሱ ካልመጣ የሚሉኝ።»

ልጆቹን ስጠይቃቸው ፍላጎታቸው እውነተኛ ነበር። 3.0 ላይ ፊልተር ከሥዕሉ ጋር ሳይዋሃድ ላየሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ጥላውን ዛሬ አድርገው ነገ ደንበኛው «ይቀነስ» ሲል ተመልሰው ቁጥሩን ብቻ ይለውጣሉ። 2.10 ላይ ይህ የለም፤ ፊልተሩ አንዴ ከሠራ ከምስሉ ጋር አብሮ ይቀራል። ካርድና ፖስተር ለሚሠራ ሰው ይህ ቀን ይቆጥብለታል። ጉርድ ፎቶ ቆርጦ ጀርባውን ነጭ አድርጎ ለሚያትም ግን 2.10 ምንም አይጎድለውም።

ሁለቱን ቨርዥኖች አንድ ቤት ውስጥ ስታቀላቅሉ የጂምፕ የራሱ ከሆነው ከኤክስሲኤፍ ፋይል ተጠንቀቁ። ጂምፕ ፋይል ሲያስቀምጥ ለሥራው የሚበቃውን ዝቅተኛ የፋይል ቨርዥን ይመርጣል፤ ስለዚህ በ3.0 የተሠራ ቀላል ሥራ በ2.10ም ይከፈታል። ያልተዋሃደ ፊልተር ያለበት ፋይል ግን አሮጌው ማሽን ላይ አይከፈትም። ዲዛይነሩ 3.0 ላይ ሠርቶ ወደ ማተሚያው ማሽን ሲልክ ፊልተሮቹን አዋህዶ ሌላ ኮፒ ያስቀምጥ። አለዚያ ደንበኛ ቆሞ እያየ «አይከፍትም» ማለት ይመጣል።

ተጨማሪ መሣሪያዎች (ፕለጊኖች) የሚጻፉበት ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋም አለ። ዴቢያን ከ11፣ ኡቡንቱ ከ20.04 ጀምሮ የጂምፕን የፓይተን 2 ድጋፍ ስላስወጡ በዴብ የሚመጣው 2.10 የድሮዎቹን የፓይተን ፕለጊኖች አያሠራም። የ2.10 ፍላትፓክ ግን ፓይተን 2ን በሆዱ ይዞ ይዞር ነበር። 3.0 በፓይተን 3 ነው፤ የድሮው ፕለጊን እንደገና ካልተጻፈለት እዚያም አይሠራም። ቤቱ የሚተማመንበት የቆየ ፕለጊን ካለ ከሁሉ አስቀድማችሁ እሱን ጠይቁ።

ዴብ

በዴብ ጂምፕን ስትጭኑ አንድ ፋይል አይደለም የሚመጣው። ፕሮግራሙ አንድ፣ ብሩሹና አዶው የታጨቀበት ጂምፕ-ዳታ ሌላ፣ ሊብጂምፕ የሚባለው ላይብረሪ ደግሞ ሌላ ፓኬጅ ነው። ዳታው የተለየው ብሩሽ በኢንቴልም በአርም ፕሮሰሰርም ያው ብሩሽ ስለሆነ ነው፤ አንዱ ፋይል ለሁሉም ይበቃል። ቀለም የሚተረጉመው ባብል እና ምስሉን የሚያሰላው ጌግልም ለብቻቸው ይወርዳሉ። የቀረው አብዛኛው ላይብረሪ ዴስክቶፑ ውስጥ አስቀድሞ አለ። ስለዚህ ማውረዱ በአሥሮች በሚቆጠር ሜጋባይት ያልቃል። ከዚህ በታች ከምጠራቸው ሁሉ ቀላሉ እሱ ነው።

ዋናው ጥቅሙ ግን አንዴ የወረደውን ለብዙ ማሽን ማካፈል መቻሉ ነው። ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው አፕት-ካቸር-ኤንጂ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም አንዱ ማሽን ላይ መጫን ነው፤ 3142 በሚባለው ፖርት ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ሌሎቹ ማሽኖች እሱን ፕሮክሲ አድርገው ፓኬጅ ይጠይቁታል። የመጀመሪያው ማሽን ያስወረደውን ሁለተኛው ሲጠይቅ ጥያቄው ከቤቱ ራውተር አያልፍም፤ በኬብሉ በሰከንድ ይደርሰዋል። ማሽኖቹ አንድ ዓይነት ዲስትሮና አንድ ዓይነት ቨርዥን ከሆኑ ትርፉ ወዲያው ይታያል። ኡቡንቱ 22.04፣ 24.04 እና ዴቢያን የተደባለቁበት ቤት ግን ለእያንዳንዱ እያወረደ ስለሚያስቀምጥ ድካሙ ከጥቅሙ ሊበልጥ ይችላል።

ሁለተኛው ፍላሽ ነው። ፓኬጅ የሚያመጣውን አፕት-ጌትን «አውርድ እንጂ አትጫን» በሚለው ትእዛዝ ስታዙት ፋይሎቹን አፕት ካች ውስጥ አርካይቭስ በሚባለው ፎልደር ያስቀምጣቸዋል፤ ከዚያ ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ሌላው ማሽን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። «አፕት» እና «አፕት-ጌት» ወንድማማች ቢመስሉም፣ አፕት ከጫነ በኋላ ያወረደውን ዴብ ይሰርዛል፣ አፕት-ጌት ያስቀራል። በአፕት ጭናችሁ ፎልደሩን ስትከፍቱ ባዶ ካገኛችሁት ምክንያቱ ይሄ ነው፤ ጥቅሉ አልቋል፣ ፋይሉም የለም።

ስለ ደኅንነት ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ማተሚያ ቤት የማያውቀውን ሰው ፍላሽ ቀኑን ሙሉ ይሰካል፣ የማያውቀውን ሰው ፒኤስዲ (የፎቶሾፕ ፋይል) ይከፍታል። ኖቬምበር 2023 ላይ የወጣው 2.10.36 የደፈናቸው ቀዳዳዎች በትክክል እዚያ ላይ ነበሩ፤ ፒኤስዲ፣ ፒኤስፒ እና ዲዲኤስ ፋይል በሚያነብበው ኮድ ውስጥ። ሆን ተብሎ የተበላሸ ፋይል ሲከፈት የሌላ ሰው ኮድ ማሽኑ ላይ ሊሠራ ይችል ነበር። «ታዲያ ዴቢያን 12 ላይ ያለው 2.10.34 ነው፣ አልተደፈነም ማለት ነው?» ካላችሁ፣ ተደፍኗል። የዴቢያን ሰዎች ጥገናውን ብቻ ነቅለው አሮጌው ቨርዥን ላይ ይሰፉታል፤ ቁጥሩ ያው ሆኖ ጅራቱ ላይ ትንሽ ምልክት ይጨመርበታል። ስለዚህ የዴብን ዕድሜ በፊት ቁጥሩ ብቻ አትመዝኑት።

ኡቡንቱ ላይ ግን ጂምፕ የሚቀመጠው ዩኒቨርስ በሚባለው የፓኬጅ ክፍል ነው። ለዚያ ክፍል የተሟላ የደኅንነት ጥገና የሚመጣው በኡቡንቱ ፕሮ በኩል ነው፤ እስከ 5 ማሽን ድረስ በነፃ ይመዘገባል። አብዛኛው ትንሽ ቤት ከዚያ አያልፍም፣ ግን ሰው ካላስመዘገበው ራሱ አይመጣም።

ባለ 32 ቢት አሮጌ ማሽን ያለው ቤት ደግሞ ምርጫም የለው። የፍላትፓክ ማከማቻ የሆነው ፍላትሀብ ለ32 ቢት አያዘጋጅም፤ ኡቡንቱ ከተወው ቆይቷል፤ ዴቢያንም ከ13 ጀምሮ ለእነዚህ ማሽኖች ኢንስቶለር የለውም። ዴቢያን 12 ከነዴቡ ጭናችሁ ስካን ማድረጊያና ፎቶ መቁረጫ አድርጓት፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁባት።

ፍላትፓክ

የጂምፕ ሠሪዎች ራሳቸው ፍላትሀብ ላይ የሚያወጡት ስለሆነ አዲስ ቨርዥን በወጣ ሰሞን ይገኛል፤ ኡቡንቱ 24.04ንም ሆነ ሚንት 22ን ሳትቀይሩ 3.0ን ያመጣላችኋል። ሚንት ላይማ ፍላትፓክ ከነሶፍትዌር ማኔጀሩ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። ባብልና ጌግልም ከዚያው ከጂምፕ ጋር በሚስማሙበት ቨርዥን ታሽገው ይመጣሉ፤ «ይሄኛው ላይብረሪ አርጅቷል» የሚባል ጭቅጭቅ የለም።

ዋጋው ዳታ ነው። ማሽኑ ላይ ሌላ ፍላትፓክ ከሌለ፣ ከጂምፕ በፊት የኖም ራንታይም የሚባለው መሠረቱ ይወርዳል፤ የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨርም በፍላትፓክ መልክ እንደገና ይወርዳል። ሁሉም ሲደመር በመቶዎች በሚቆጠር ሜጋባይት ነው፤ ወደ ጊጋባይትም ሊጠጋ ይችላል። አንዴ ብቻ ቢሆን ይቻል ነበር። ራንታይሙ ግን በየስድስት ወሩ አዲስ ይወጣል፣ አሮጌው በዓመት ገደማ ይጦራል፤ ጂምፕ ወደ አዲሱ ሲሻገር እናንተም ትሻገራላችሁ። ኤንቪዲያ ካርድ ያለው ማሽን ላይ ደግሞ የዋናው ሲስተም ድራይቨር በተቀየረ ቁጥር የፍላትፓኩም ድራይቨር አብሮ ይወርዳል። ሰው «ፍላትፓክ ጫንኩ» ሲል የሚያስበው የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ነው።

ለዚህ ጥሩ መፍትሔ አለው፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። ፍላትፓክ ውስጥ «ክሪኤት-ዩኤስቢ» የሚባል ትእዛዝ አለ። አንድ ማሽን ላይ ጂምፕን ከነራንታይሙ ካወረዳችሁ በኋላ ሁሉንም ወደ ፍላሽ ይገለብጥላችኋል፤ ሌላው ማሽን «ሳይድሎድ» በሚለው አማራጭ ከፍላሹ ይጭናል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለው። ከመገልበጣችሁ በፊት ፍላትሀብ የኮሌክሽን መታወቂያ እንዲኖረው ሪሞቱን፣ ማለትም ማሽኑ ላይ የተመዘገበውን የማከማቻ አድራሻ፣ ማስተካከል ግድ ነው፤ ይህ ሳይደረግ ትእዛዙ በስሕተት ይመለሳል። አሥር ማሽን ያለው ቤት በዚህ መንገድ የሚከፍለው የአንድ ማሽን ዳታ ነው። ጓደኛችሁም ቤት ቢሆን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጂምፕ በጂፒኤል ፈቃድ ስለሚሰራጭ ኮፒ አድርጎ መስጠት ፍጹም ሕጋዊ ነው።

ፍላትፓክ ዴብን በግልጽ የሚበልጥበት ቦታ መብራት ነው። ዴብ እየተጫነ ሳለ መብራት ቢጠፋ ዴብ የሚጭነው ዲፒኬጂ በግማሽ ይቀራል፤ ማሽኑ ሲነሳ ዲፒኬጂን «ያልተዋቀረውን ሁሉ አዋቅር» ብሎ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፣ ግን የሚያውቅ ሰው መኖር አለበት። ፍላትፓክ ግን አዲሱን ጎን ለጎን አዘጋጅቶ ከጨረሰ በኋላ ብቻ ነው ወደ እሱ የሚዞረው። መሐል ላይ ቢጠፋ አሮጌው እንዳለ ይከፈታል። ዩፒኤስ የሌለው ቤት ይህን ከሒሳብ ያስገባ።

ስካነርን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። በ2.10 ዴብ ላይ ስካን ማድረጊያውን ኤክስሴንን ከጂምፕ ውስጥ ከፍቶ በቀጥታ ስካን ማድረግ የለመደ ሰው ፍላትፓክ ውስጥ አያገኘውም፤ ዋናው ሲስተም ላይ የተጫኑ ፕለጊኖች ለፍላትፓኩ ስለማይታዩት። ስካኑን ለብቻው በሌላ ፕሮግራም አድርጎ ፋይሉን መክፈት ነው። ጂሚክ የሚባለው የፊልተር ስብስብ ግን በፍላትፓክ መልክ ለብቻው ተዘጋጅቷል። ዋናው ሲስተም ላይ የተጫኑ የአማርኛ ፎንቶችም በፍላትፓኩ ውስጥ ይታያሉ፤ እንደገና መጫን አያስፈልግም።

ስናፕ እና አፕኢሜጅ

ስናፕን አጭር አደርገዋለሁ። ኡቡንቱ ላይ ተዘጋጅቶ ይገኛል፣ ሚንት ሆን ብሎ አጥፍቶታል። በቀን አራት ጊዜ አፕዴት መኖሩን ራሱ ይፈትሻል፣ ካገኘ ራሱ ያወርዳል። በሞባይል ዳታ ለሚኖር ማሽን ይህ አይመችም። ከመረጣችሁት «ሪፍሬሽ» የሚለውን በ«ሆልድ» አግዱትና ሥራ በሌለበት ሰዓት በእጃችሁ ልቀቁት። ፋይሉንም ከነማረጋገጫው አውርዶ ወደ ሌላ ማሽን መውሰድ ይቻላል። ከዚህ በላይ ፍላትፓክን ትቼ ወደ እሱ የምሄድበት ምክንያት አላገኘሁም።

አፕኢሜጅ ሌላ ጠባይ ነው። መጫን የሚባል ነገር የለውም፤ አንድ ትልቅ ፋይል ነው፣ በክሊክ ይከፈታል፣ ከተሰረዘ አለቀ። ጂምፕ በ3.0 ዘመን ከራሱ ድረ ገጽ ማቅረብ ጀምሯል፤ ሌላው የሥዕል ፕሮግራም ክሪታ ደግሞ ለሊኑክስ በዋናነት የሚያቀርበው ይሄንኑ ነው። ለእኔ ጥቅሙ መጠባበቂያነቱ ነው። ማሽኑ ላይ ያለው ጂምፕ በአፕዴት ምክንያት እምቢ ባለ ዕለት፣ ካርዱ ደግሞ ከሰዓት የሚወሰድ ከሆነ፣ ፍላሹን ሰክቶ ሥራ መቀጠል ነው።

ሁለት ነገር ግን ያደናቅፋል። ብዙ ፍላሽ ፋት ወይም ኤክስፋት በሚባል ፎርማት ነው የተሠራው፤ ይህ ፎርማት «ይህ ፋይል ፕሮግራም ነው» የሚለውን የሊኑክስ ፈቃድ አይዝም። ስለዚህ ፋይሉን ወደ ማሽኑ ገልብጡ፣ በቀኝ ክሊክ ንብረቱን ከፍታችሁ እንዲሠራ ፍቀዱለት፣ ከዚያ ክፈቱት። ሌላው፣ ኡቡንቱ ከ22.04 ጀምሮ ፊዩዝ 2 የሚባለውን ላይብረሪ ይዞ አይመጣም፤ አንዳንድ አፕኢሜጆች ያለ እሱ ዝም ብለው ይቀራሉ። መልእክት እንኳን ስለማያሳዩ ሰው ፋይሉ ተበላሽቶ ይመስለዋል። መጠባበቂያ ነው ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን በሰላሙ ቀን አንዴ ከፍታችሁ ሞክሩት።

አፕዴትም ማንም አያደርግለትም። ዓመት የቆየ አፕኢሜጅ ዓመት የቆየ ቀዳዳ ይዞ ነው የሚከፈተው፤ የማያውቁትን ሰው ፋይል በእሱ መክፈት አልመክርም።

ራስ ሠሩ ፓኬጅ

«ዴቢያን 13 ላይ ያለውን 3.0 ወደ ዴቢያን 12 ብመልሰውስ?» የሚለኝ ሰው አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ የወጣ ወጣት ነው፣ ጉልበትም ጊዜም አለው። ይቻላል። ግን ምን እንደሚጠብቀው ይወቅ። 3.0 የሚገነባው ሜሰንና ኒንጃ በሚባሉ መገንቢያ መሣሪያዎች ነው። የሚፈልገው ባብልና ጌግል ዴቢያን 12 ላይ ካሉት የበለጡ ስለሆኑ መጀመሪያ እነሱን መገንባት ግድ ይላል። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሩልስ፣ ቼንጅሎግና ኮፒራይት የሚባሉት አራት ፋይሎች አሉ። ጥገኝነቱ ሁሉ በኮንትሮል በትክክል ካልተጻፈ፣ ፓኬጁ በሠራው ሰው ማሽን ላይ ይከፈታል፣ በማተሚያ ቤቱ ማሽን ላይ አይከፈትም። ይህን ለማወቅ በኤስቢዩልድ ወይም በፒቢዩልደር ባዶ አካባቢ ውስጥ መገንባት፣ ከዚያ ሊንቲያን በሚባለው የፓኬጅ መፈተሻ ማስፈተሽ የግድ ነው። ከሁሉ የሚያደክመው ኮፒራይት ፋይሉ ነው፤ ጂምፕ ውስጥ ያለው ኮድ፣ ብሩሽና አዶ ሁሉ በአንድ ፈቃድ ስር አይደለም፣ እያንዳንዱን ለይቶ መጻፍ ይፈልጋል። ለራስ ቤት ብቻ ከሆነ እሱን መዝለል ይቻል ይሆናል፤ ለሰው የምታሰራጩት ከሆነ ግን አይዘለልም።

ይህ ሁሉ ተሠርቶም ሥራው አያልቅም። ቀዳዳ ሲገኝ ጥገናውን ነቅሎ የሚሰፋው እናንተ ናችሁ፤ የዴቢያን ቡድን የእናንተን ፓኬጅ አያውቀውም። ለዚህ ነው ለማተሚያ ቤት አይሆንም ያልኩት።

በዚህ ፈንታ ትንሽ ጉልበት በጣም የሚያተርፍበት ሥራ አለ። ኢኩዊቭስ የሚባል መሣሪያ በውስጡ ምንም ፕሮግራም የሌለው፣ ዝርዝር ብቻ የያዘ ዴብ ይሠራል። ለማተሚያ ቤቶች የምጠቀምበት ዝርዝር ጂምፕን፣ የቬክተር መሳያውን ኢንክስኬፕን፣ የገጽ ማቀናበሪያውን ስክራይበስን፣ የኖቶንና የአቢሲኒካን ፎንቶች፣ የአማርኛ መጻፊያውን፣ የቀለም ፕሮፋይሎቹን ይጠራል። አዲስ ማሽን ሲመጣ ይህን አንድ ጥቂት ኪሎባይት የሆነ ፋይል ትጭናላችሁ፣ አፕት የቀረውን ከቤቱ ካቸር ያመጣዋል። ምን እንደጎደለ የሚያስታውስ ሰው አያስፈልግም። ጂምፕን እንዳለ ትታችሁ ዝርዝሩን ብቻ ገንቡ።

አማርኛ ሳይፈተሽ ማሽኑን አታስረክቡ

ሁሉም መንገድ እዚህ ጋ ይፈተናል። ጂምፕን ከፍታችሁ የጽሑፍ መሣሪያውን ይዛችሁ ይህን ጻፉ፦ «የሠርግ ጥሪ፣ ጥር ፲፪፣ ጐንደር፣ ቧንቧ፣ ኧረ፣ ቨ»። የግእዝ ቁጥሮቹ፣ «ጐ» እና «ቧ» የማይገኙባቸው ፎንቶች አሉና ሳጥን ብቅ ካለ ሠርግ ካርዱ ላይ ሳይሆን እዚሁ ታውቁታላችሁ። «አቢሲኒካ ሲል» የሚባለው ፎንት ዴቢያን ውስጥ ራሱን የቻለ ፓኬጅ አለው፤ ውበቱ የብራና ጽሑፍ ነው፣ ደማቅ ቅርጽ ግን የለውም። ለርእስ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ይሻላል፤ ቀጭኑም ወፍራሙም በኖቶ ኤክስትራ ፓኬጅ ውስጥ አለ።

መጻፊያው ላይ የዴቡ 2.10 አንድ ጣጣ አለው። ፋየርፎክስ ላይ አይባስ በሚባለው መጻፊያ አማርኛ በደንብ እየተጻፈ ጂምፕ ላይ ሲደርስ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ከወጣ፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ጂቲኬ 2 ነው። ዛሬ አብዛኛው ፕሮግራም የሚጠቀመው አይባስ-ጂቲኬ3ን ነው፤ 2.10 ግን አይባስ-ጂቲኬ የሚባለውን የድሮውን ይፈልጋል። በዝርዝራችሁ ውስጥ አስገቡት። 3.0 ላይ ይህ ጣጣ የለም። መጻፊያውን በተመለከተ «ሰላም»ን በእንግሊዝኛ ድምፅ መጻፍ የለመደ ሰው በኤም17ኤን በኩል ያለው ሴራ ይበቃዋል፤ ኪማንን የለመደም ለሊኑክስ አለለት።

ደንበኛ በአሮጌ ፎንት የጻፈውን ይዞ ሲመጣ፣ ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በተሠሩት ማለቴ ነው፣ በየትኛውም ጂምፕ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆኖ ነው የሚታየው። ይህን አንድም የፓኬጅ ምርጫ አይፈታውም፤ ፒዲኤፍ አድርጎ እንዲያመጣ ንገሩት። ከሌላ ቤት የሚመጣ ፒኤስዲም ይከፈታል፣ ጽሑፉ ግን ሥዕል ሆኖ ነው የሚገባው፤ ስም ለማረም እንደገና መጻፍ ነው።

ቀለም ላይ የሚነሳውም ያው ነው። ጂምፕ የሚያስበው በአርጂቢ (የስክሪን ቀለሞች) እንጂ በሲኤምዋይኬ (አራቱ የኅትመት ቀለሞች) አይደለም። 3.0 ኅትመቱ ምን እንደሚመስል በስክሪን ያሳያል፣ ጄፔግ፣ ቲፍና ፒኤስዲንም በሲኤምዋይኬ ያወጣል፤ ውስጥ ለውስጥ ግን በአርጂቢ ነው የሚሠራው። ባነር ለሚያትም ቤት ይህ ችግር አይሆንበትም፤ የባነር ማሽኑ ሶፍትዌር ራሱ ይተረጉመዋል። ኦፍሴት ላይ ግን የአርጂቢ ጥቁር ወደ አራቱም ቀለም ይበተናል፤ ፕሌቶቹ በፀጉር ያህል ሲዛነፉ የካርዱ ትንንሽ ፊደላት ጠርዛቸው ቀይ ወይም ሰማያዊ ይሆናል። ስለዚህ ምስሉን በጂምፕ፣ ጽሑፉን በስክራይበስ በጥቁር ብቻ አድርጉት። በሲኤምዋይኬ ውስጥ መሳል የግድ ያለበት ሰው ክሪታን ይያዝ፤ ክሪታ በየደቂቃዎቹ ራሱ ያስቀምጣል፣ ጂምፕ ግን ራሱ ስለማያስቀምጥ መብራት ሲጠፋ ልዩነታቸው ይታያል።

ዴቢያን ላይ የቀለም ፕሮፋይሎቹ ሁለት ፓኬጅ ናቸው። ነፃ የሆኑት በዋናው ክፍል አሉ፣ ማተሚያ ቤቶች የሚጠይቋቸው ብዙዎቹ ግን ነን-ፍሪ በሚባለው ክፍል ነው ያሉት። ከዴቢያን 12 ጀምሮ ኢንስቶለሩ ራሱ የሚከፍተው የፈርምዌሩን ክፍል ብቻ ነው፤ ነን-ፍሪን በእጃችሁ ጨምሩት፣ ከዚያ ኢኩዊቭስ ዝርዝራችሁ ሳይጎድል ይገባል።